የመንገድ ጥያቄዎቻችሁ፦ በባቡር ወደ ሂማሊያ ግርጌ

ባለፈው እትም በሰሜን ሕንድ ተራራ ላይ ስላለችው ስለ ሺምላ ከተማ ትንሽ ባቡር ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። መዘዙ ይኸው፣ የመልእክት ሳጥኔ ሞልቷል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ሕንድ የሚማሩ ልጆች ናቸው። ቤተሰብ ሊያሳክሙ ዴልሂ ሄደው ትንሽ ቀን የተረፋቸውም አሉ። ተማሪ ሆኜ ያንን ሐዲድ ስመላለስበት ያወቅሁትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ቻንዲጋር እንማራለን። በጥቅምት የአምስት ቀን እረፍት አለን። በትንሿ ባቡር ሺምላ ወጥተን ከዚያ በእግር ተራራ ለመውጣት አስበናል። አንዱ ጓደኛችን ግን «ባቡሩ ጊዜ ማቃጠል ነው፣ በአውቶቡስ እንሂድ» ብሎ ወጥሮናል። ቲኬታችንም «ዌይቲንግ ሊስት 14» ይላል፤ ገና ተጠባባቂ ነን። ምን ይመክሩናል? (ያ.፣ ከቻንዲጋር)

መልስ፦ ጓደኛህ አልዋሸም። ባቡሩ ከሚነሳባት ከካልካ ሺምላ በሐዲዱ 96 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡሩ ለዚህች መንገድ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። አውቶቡስ ይቀድመዋል። መድረስ ብቻ ከሆነ ነገሩ፣ በአውቶቡስ ሂዱ። እናንተ ግን የምትሄዱት ተራራ ልታዩ አይደል?

ካልካ ላይ ስትሳፈሩ 656 ሜትር ከፍታ ላይ ናችሁ። ሙቀቱ ገና የሜዳው ሙቀት ነው። ሺምላ ስትወርዱ 2,076 ሜትር ላይ ቆማችኋል፤ ሹራብ ፍለጋ ቦርሳ ትበረብራላችሁ። በመሃል ያለውን ለውጥ በመስኮት ታዩታላችሁ። መጀመሪያ ቁጥቋጦና ቁልቋል ነው። ቀጥሎ ረዣዥም ፓይኖች ይመጣሉ። ወደ ላይ ስትጠጉ ደግሞ ዲዮዳር የሚሉት የሂማሊያ ዝግባ ይጀምራል። መኪና ውስጥ ይህ ሁሉ በሹፌሩ ጥሩምባና በኩርባው ማቅለሽለሽ መሃል ያልፋችኋል።

መስመሩ የተከፈተው በ1903 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በሁለቱ ብረቶች መሃል ያለው ስፋት 762 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ የጠበበው ተራራውን እየተጠማዘዘ እንዲወጣ ነው። ሰፊው ሐዲድ ያንን የመሰለ ኩርባ አይዞርም። መንገዱ ላይ 102 ዋሻዎችና ከ800 በላይ ድልድዮች አሉ። ዩኔስኮ በ2008 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ዋሻ ቁጥር 33 ላይ ስትደርሱ ስልካችሁን አስቀምጡ። 1,143 ሜትር ይረዝማል፤ በመስመሩ ትልቁ እሱ ነው። ፉርጎው ድርግም ይላል። ልጆች ማፏጨትና መጮኽ ይጀምራሉ። ትንሽ ቆይቶ አባቶቻቸውም ይቀላቀላሉ። ብርሃን ስታዩ ባሮግ ጣቢያ ደርሳችኋል። ጣቢያው ዋሻው አፍ ላይ ነው ያለው። እዚያ የሚነገር ታሪክ አለ። ባሮግ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ተራራውን ከሁለት ወገን አስቆፈረ። ሁለቱ ጉድጓዶች መሃል ላይ ሳይገናኙ ቀሩ። መንግሥት አንድ ሩፒ ቀጣው። ሰውየው ውርደቱን አልቻለውም፣ ራሱን አጠፋ ይባላል። በኋላ ባልኩ የሚባል ያገሬው ሰው አዲሱ ዋሻ የሚያልፍበትን ቦታ ለመሐንዲሶቹ አመላከተ ይላሉ። ባቡሩ ባሮግ ላይ ቆም ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ለሻይና ለትኩስ ኮትሌት ይሻማል። አንዳችሁ ዕቃ ጠብቁ፣ ሁለታችሁ ተሰለፉ። ብዙም አትራቁ፣ ፊሽካው ሲነፋ ባቡሩ አይለምናችሁም።

የኔ ልማድ በባቡር ወጥቶ በአውቶቡስ መውረድ ነው። ስትወጡ ታያላችሁ፤ ስትመለሱ ደክሟችኋል፣ ቶሎ መግባት ነው የምትፈልጉት። ጓደኛህንም በዚህ አስታርቀው።

አሁን ወደ ቲኬቱ። በኦንላይን የተቆረጠ ዌይቲንግ ሊስት ቲኬት የተሳፋሪው ዝርዝር ሲዘጋ ካልጸደቀ በራሱ ይሰረዛል፣ ገንዘቡም ይመለሳል። በእሱ ባቡር ውስጥ መግባት አይቻልም። «ገብታችሁ ከተቆጣጣሪው ጋር ተስማሙ» የሚላችሁን አትስሙ። አርኤሲ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። በረጅም ርቀት ባቡር ላይ አርኤሲ ማለት ተሳፍረህ አንዱን የጎን አልጋ ከሌላ ሰው ጋር ተካፍለህ ትቀመጣለህ፤ የሚቀር ሰው ከተገኘ ሙሉ አልጋ ታገኛለህ ማለት ነው። ታትካል የሚሉት የመጨረሻ ሰዓት ሽያጭም አለ። ባቡሩ ከመነሻው ከመነሳቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ለኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ ላላቸው) ክፍሎች በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት፣ ለሌሎቹ 5 ሰዓት ላይ ይከፈታል። ከ2025 ሐምሌ ወዲህ ግን በኦንላይን ታትካል ለመቁረጥ አካውንቱ በአድሃር፣ ማለትም በሕንድ የነዋሪነት መታወቂያ ቁጥር፣ መረጋገጥ አለበት። አድሃር ከሌላችሁ በእሱ ተስፋ አታድርጉ። መደበኛው ሽያጭ የሚከፈተው ከ60 ቀን በፊት ነው። በጥቅምት ወይም በኅዳር ዲዋሊ የሚሉት ትልቅ በዓል አለ፤ ሕንድ በሙሉ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዛሬውኑ ሌላ ቀንና ሌላ ባቡር ሞክሩ። በዚያ መስመር በቀን ከአንድ በላይ ባቡር አለ።

ስለ እግር ጉዞው። አምስቱን ቀን በሙሉ በፕሮግራም አትሙሉት። የመጀመሪያው ቀን ለባቡሩና ለሺምላ ይሁን። ጃኩ ኮረብታ ውጡ፤ 2,455 ሜትር ላይ ነው፣ ለሳንባችሁ ጥሩ ማሟሻ ይሆናል። እዚያ የሚያስቸግረው ዳገቱ ሳይሆን ዝንጀሮው ነው። መነጽር ይነጥቃል። የምሬን ነው። ከኋላ ትከሻ ላይ ዘሎ መነጽሩን ከፊት ላይ ያነሳና ዛፍ ላይ ይወጣል። የሚበላ ነገር ሲወረወርለት ለዋጭ ነጋዴ ይመስል መነጽሩን ጥሎ ምግቡን ይወስዳል። ስለዚህ መነጽር ኪስ ውስጥ፣ ብስኩት ቦርሳ ውስጥ። በሩ ላይ የሚከራየውን ዱላ ያዙ፤ መምቻ ሳይሆን ማሳያ ነው።

በማግስቱ ጃሎሪ ወደሚባለው የተራራ ማለፊያ ሂዱ። በናርካንዳ በኩል በአውቶቡስ እየቀያየራችሁ ነው፣ ቀኑን ይበላዋል። ማለፊያው 3,120 ሜትር ላይ ነው። ከታች ካሉት መንደሮች አንዱ ውስጥ እደሩና ጠዋት ወደ ሴሮልሳር ሐይቅ ተጓዙ። ከማለፊያው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ያረጀ የባሉጥ ጫካ ውስጥ ያልፋል፣ አብዛኛው ቀስ ያለ ነው። ሐይቁ ዳር ቡዲ ናጊን የምትባል ያገሬው እንስት አምላክ ቤተ መቅደስ አለ፤ ሰዉ የተነጠረ ቅቤ ይዞ ይመጣላታል። ውሃው ላይ ቅጠል ሲወድቅ ወፍ እየለቀመች ታወጣዋለች ይላሉ። እኔ ወፏን ጠብቄ አላየሁም፤ ውሃው ግን እውነትም ንጹሕ ነው።

አንዷን ቀን ባዶ ተዉልኝ። ተራራ ላይ መንገድ ይዘጋል፣ ባቡር ይዘገያል። በ2023 ነሐሴ ሰመር ሂል አጠገብ ተራራው ሲናድ ድልድይ ይዞ ሄደ። ሐዲዱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ ባቡሩ ሺምላ አልገባም። በጥቅምት ሰማዩ ጥሩ ነው፣ እንዲህ ዓይነቱ ጣጣ ብዙም አይገጥማችሁም። ቢሆንም ፈተና ባለበት ዋዜማ የሚመለስ ቲኬት አትቁረጡ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ወንድሜን ላሳክም ዴልሂ ከመጣሁ ቆየሁ። እሱ ተሽሎታል፤ ሐኪሙ የሳምንት ቀጠሮ ሰጥቶታል፣ እህታችንም አብራው አለች። እኔ ሆስፒታልና ሙቀት አንገሸገሸኝ። ጉልበቴ ዳገት አይችልም። ግን በረዶ የለበሰ ተራራ ከሩቅ እንኳ ባይ ደስ ይለኛል። (ወ/ሮ አ.፣ ከዴልሂ)

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን እግዜር ማረልዎ። ለእርስዎ ሺምላ ሩቅ ነው። ወደ ሙሱሪ ይሂዱ። ከዴልሂ ዴህራዱን ድረስ ጥሩ የቀን ባቡር አለ። ሻታብዲ ከኒው ዴልሂ ጣቢያ ጠዋት ይነሳል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ቫንዴ ባራት የሚባለው ከአናንድ ቪሃር ጣቢያ ይሄዳል። ሁለቱም ወንበር ነው፣ አልጋ መውጣት የለም፣ ለጉልበትዎ ይስማማል። ቲኬቱ ላይ የትኛው ጣቢያ እንደተጻፈ ግን አስተውለው ያንብቡ። ዴልሂ ውስጥ ትላልቅ ጣቢያዎች ብዙ ናቸው፣ አንዱ ከሌላው ሩቅ ነው። ጠዋት በተሳሳተ ጣቢያ መገኘት ማለት ባቡሩን ማጣት ነው።

ጣቢያ በር ላይ አንድ ሸጋ የለበሰ ሰው ቀርቦ «ቲኬትዎ ተሰርዟል፣ ቢሮው ተዘግቷል፣ ይምጡ ላሳይዎ» ሊልዎ ይችላል። እሺ ብለው እንዳይከተሉት። የሚወስድዎ ወደ አንድ የጉዞ ወኪል ሱቅ ነው፣ ሦስት እጥፍ ከፍለው ይወጣሉ። ዝም ብለው ወደ ፊት ይሂዱና ዩኒፎርም የለበሰ ሠራተኛ ይጠይቁ።

ከዴህራዱን ሙሱሪ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በታክሲ ይወጣሉ። ኩርባው ይበዛል። ከፊት ወንበር ይቀመጡ፣ ሆድዎን አይሙሉ። ሙሱሪ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። «ካሜልስ ባክ» የሚባለው መንገድ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፣ ሜዳ ለሜዳ ነው ማለት ይቻላል። አግዳሚ ወንበር አለው፤ ያርፋሉ፣ ይሄዳሉ። ከሙሱሪ ከፍ ብሎ ላንዱር አለ፤ እዚያ በታክሲ ይውጡ። ላል ቲባ ከሚሉት ቦታ ሆነው፣ ሰማዩ ከጠራ፣ እነ ባንዳርፑንችና ስዋርጋሮሂኒ በረዷቸውን ለብሰው ይታያሉ። ዋናው ነገር ጠዋት መገኘት ነው። ረፋዱ ላይ ደመና ይመጣና መጋረጃውን ይዘጋል። ሁለት ሌሊት ቢያድሩ አንደኛው ጠዋት ቢበላሽ ሌላው ይተርፍዎታል።

ሆቴል ከመሄድዎ በፊት ይደውሉና «የውጭ አገር ሰው ትቀበላላችሁ?» ብለው ያረጋግጡ። ሆቴሎች የውጭ እንግዳን በቅጽ ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ትንንሾቹ ይህን ጣጣ ሽሽት በር ላይ ይመልሳሉ። ፓስፖርትዎንና ቪዛዎን ይያዙ፣ ፎቶ ኮፒ ብቻ አይበቃም።

ጥያቄ፦ እኔ ደጋ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ከፍታ አያስፈራኝም። አሁን ዴልሂ ሁለት ዓመቴ ነው። ሳንዳክፑ መውጣት እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ጂፕ ተከራይተን በአንድ ቀን ጫፉ ላይ እንደር ይላሉ። ችግር አለው? (ደጌ፣ ከዴልሂ)

መልስ፦ አለው። ደጋ መወለድህ ጥሩ ነው፣ ግን ሰውነት ከፍታን የሚለምደው እዚያው እስካለ ድረስ ነው። ቆላ ሲወርድ በሳምንታት ውስጥ ልምዱ ይለቀዋል። ዴልሂ ከባሕር ወለል በላይ 200 ሜትር ያህል ብቻ ናት። ሁለት ዓመት እዚያ ከኖርክ አንተና የዴልሂ ተወላጁ ጓደኛህ ተራራው ፊት እኩል ናችሁ። እንዲያውም እሱ ይፈራል፣ ቀስ ይላል፤ አንተ ደፍረህ ትሮጣለህ።

ሳንዳክፑ 3,636 ሜትር ነው፤ በምዕራብ ቤንጋል ከፍተኛው ቦታ። መነሻው ማኔባንጃንግ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው። በጂፕ ከዚያ ተነስቶ ጫፍ ላይ ማደር ማለት በአንድ ቀን 1,600 ሜትር ዘሎ መተኛት ነው። ሌሊቱን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይጫወቱባችኋል። ጠዋት ደግሞ ለፎቶ የመጣችሁበት ተራራ ሲወጣ እናንተ ብርድ ልብስ ውስጥ ናችሁ። ሐኪሞች የሚሉት ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር ነው። በእግር ስትሄድ ይህ በራሱ ይመጣል። የመጀመሪያውን ሌሊት ቱምሊንግ፣ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ታድራለህ። ቀጥሎ ካሊፖክሪ፣ ከዚያ ሳንዳክፑ። ማታ ማታ የገበሬ ቤት የመሰሉ ማረፊያዎች አሉ፤ ምድጃ ዳር ትኩስ ሾርባ ይቀርባል።

ራስ ምታት ብቻ ከሆነ እረፍ፣ ውሃ ጠጣ፣ ወደ ላይ አትቀጥል። ካልተሻለህ ውረድ። ሰው እንደሰከረ መንገዳገድ ከጀመረ፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው፣ አታሳድሩት፤ በሌሊትም ቢሆን አውርዱት። ዳያሞክስ የሚባለውን መድኃኒት ብዙዎች ይጠይቁኛል። ይረዳል፣ ግን ሐኪም ሳያይህ አትጀምር። በተለይ የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ካለብህ ንገረው።

መንገዱ የሕንድና የኔፓል ድንበር ላይ ወዲህ ወዲያ ይላል። ፓስፖርትህን ኬላ ላይ ያዩታል፣ ስለዚህ ላይኛው ኪስ ውስጥ ይሁን። በሲንጋሊላ ብሔራዊ ፓርክ ያለ አስጎብኚ አያስገቡም፤ ማኔባንጃንግ ላይ ትቀጥራለህ። ፓርኩ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ ዝናቡ ሲበረታ ይዘጋል። ጥቅምትና ኅዳር ምርጥ ናቸው። ከጫፉ ኤቨረስት፣ ካንቼንጁንጋ፣ ሎትሴና ማካሉ በአንድ ዙር ይታያሉ፤ ከዓለም አምስት ረጃጅሞች አራቱ ማለት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ከሄድክ ደመናው ይበዛል፣ በምትኩ ሮዶዴንድሮን ቀይ አብቦ ታገኘዋለህ።

ለሳንዳክፑ የምትወርድበት ጣቢያ ኒው ጃልፓይጉሪ ነው፤ ከዴልሂ እስከዚያ በባቡር ከ20 ሰዓት በላይ ነው። ከተቻለህ ባለ ሦስት ደርብ ኤሲ ቁረጥ። የላይኛውን አልጋ ምረጥ። የታችኛው ቀን ቀን የሁሉም መቀመጫ ነው። የመሃሉን አልጋ ሰው መዘርጋት የሚችለው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ብቻ ነው። የላይኛው ያንተ ብቻ ነው፣ በፈለግከው ሰዓት ትተኛለህ። ሻንጣህን ከታች ባለው ቀለበት በሰንሰለት ቁልፈው፤ ሰንሰለቱ ጣቢያው ላይ ይሸጣል። ከኒው ጃልፓይጉሪ ወደ ዳርጂሊንግ ትንሿ ባቡር አለች፤ ከሺምላዋም ትጠባለች፣ 610 ሚሊ ሜትር ነች። ከ1881 ጀምሮ ትሠራለች፣ አንድም ዋሻ የላትም። ተራራውን የምትወጣው እየዞረችና ወደ ኋላ እየተመለሰች በዚግዛግ ነው። ሙሉው መንገድ ቀኑን ይጨርሳል። ጊዜ ካነሰህ በጂፕ ውጣና ከዳርጂሊንግ ጉም ድረስ ባለው አጭሩ ጉዞ ብቻ ሳፈር። ጉም 2,258 ሜትር ላይ ያለች ጣቢያ ናት።

ጥያቄ፦ በጾም ወቅት ነው የምሄደው። ሕንድ አገር አትክልት ሞልቷል ይሉኛል፤ መንገድ ላይ አልቸገርም አይደል? (ሰ.፣ ከፑኔ)

መልስ፦ ተጠንቀቂ። የሕንድ «ቬጅ» ሥጋና እንቁላል የለበትም እንጂ ወተት ሞልቶበታል። ምስሩ ላይ የተነጠረ ቅቤ ይፈስበታል፣ ቂጣው ላይ ይቀባል፣ ፓኒር አይብ ነው፣ ሻዩም ከወተት ጋር የተፈላ ነው። የባቡር ምግብ ስታዢ «ቬጅ» ብለሽ አትተዪው። «ጊ፣ ዱድ፣ ዳሂ፣ ፓኒር ናሂ» በይ፤ ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ አይግባበት ማለት ነው። ተራራ ላይ ይህን መከራከር ይከብዳል፤ ያገኙትን ነው የሚያበስሉት። ደረቅ ሩዝ፣ በዘይት የተጠበሰ ድንች፣ ኦቾሎኒና ሙዝ አያሳፍሩሽም። ከሞንሱን (ከክረምቱ ዝናብ) ማለቂያ በፊት ከሄድሽ አልቅትም አለ። ካልሲሽን ሱሪሽ ላይ ሳቢው፣ ጨው በጨርቅ ቋጥረሽ ያዢ፣ ከተጣበቀብሽ በጨውዋ ነካ አድርጊው።

ጥያቄ፦ ባቡራችን «15፣ 00:10» ይላል። በ15 ማታ ነው ጣቢያ የምንሄደው? (ሁለት ወንድማማቾች)

መልስ፦ በ14 ማታ ነው። እኩለ ሌሊት አልፎ አሥር ደቂቃ ነው፤ ቀኑ ገና መግባቱ ነው። በ15 ማታ ከሄዳችሁ ባቡሩ አንድ ሙሉ ቀን ቀድሟችኋል። የሕንድ ባቡር ቲኬት በ24 ሰዓት ነው የሚጻፈው፣ በእኛ ሰዓት እየቀየራችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩት።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ትቀላቀለናለች። ከቪዛው ሌላ ምን ያስፈልጋታል? (ኤ.፣ ከባንጋሎር)

መልስ፦ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ሕንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ ትጠይቃለች። ክትባቱ ሕንድ ከመድረሷ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ካርዱ ከሌላት እስከ ስድስት ቀን ለይተው ሊያቆይዋት ይችላሉ። ጫማዋንም አሁኑኑ ገዝታ ታለማምደው፤ አዲስ ጫማ አድርጎ ተራራ መውጣት እግርን መላጥ ነው።